የማን ነህ? ስለ ኮከብ ቆጠራና ስለ ክርስትና ስም የቀረበ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነቢዩ ኢሳይያስ በመጽሐፉ በ43ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ፥ እግዚአብሔር ሕዝቡን የፈጠረ፥ የተቤዠ፥ በስሙም ጠርቶ የራሱ ገንዘብ ያደረገ መሆኑን ይነግረናል። በዚህ ቃል ውስጥ ሦስት ነገሮች ተያይዘው ይገኛሉ፤ እነርሱም መፈጠር፥ መዋጀትና በስም መጠራት ናቸው። ሰው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ሲሻ ከእነዚህ ከሦስቱ የተሻለ መሠረት የለውም። ነገር ግን የሰው ልብ ችኩል ነውና፥ ፈጣሪው የሰጠውን ስም ይዞ በትዕግሥት ከመኖር ይልቅ፥ የነገውን ዛሬ የሚነግረውን ሌላ ምልክት ይፈልጋል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚሁ ምልክት ነው።

ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ በሽሎ ሸለቆ ያለው የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ አገር ለቤተ ክርስቲያናችን የትምህርት ምንጭ እንደ ሆነ አንባቢ ሁሉ ያውቃል። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። ከጎጃም፥ ከወሎ፥ ከሸዋና ከትግራይ የተነሣ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ ወደዚህ አገር ሲጓዝ ኖሯል። ይሁን እንጂ ስንዴ ከተዘራበት እርሻ እንክርዳድ እንደማይታጣ ሁሉ፥ ፊደልና ቁጥር በሚታወቅበት አገርም ፊደልንና ቁጥርን ላልተሰጡበት ሥራ የሚያውል አይጠፋም። ይህም በዚህ አገር ብቻ የሚገኝ ሳይሆን በመላው ኢትዮጵያ ያለ ነው። ነገር ግን ብዙ ከተሰጠው ብዙ ይፈለግበታልና፥ ነገሩ ይልቁንም የሊቃውንትን አገር ይመለከታል።

ሒሳቡ እንዴት ነው?

ዐውደ ነገሥት በሚባለው መጽሐፍ ኮከብ የሚቆጥር ሰው፥ የጠያቂውን ስምና የእናቱን ስም ተቀብሎ ለየፊደሉ የተመደበውን ቁጥር ይደምራል። ድምሩንም በ12 ይገድፋል። የተረፈው ቁጥር የጠያቂው ኮከብ ነው ይባላል። 1 ቢተርፍ ሐመል፥ 2 ቢተርፍ ሠውር፥ 3 ቢተርፍ ገውዝ እያለ፥ ሸርጣን፥ አሰድ፥ ሰንቡላ፥ ሚዛን፥ አቅራብ፥ ቀውስ፥ ጀዲና ደለዊን አልፎ እስከ ሑት ይደርሳል። ከዚያም በኮከቡ ሥር ስለ ጠባይ፥ ስለ ሀብት፥ ስለ ትዳርና ስለ ሕመም የተጻፈው ይነበብለታል። ጠያቂውም ያን ጊዜ ስለ ራሱ የሰማ ይመስለዋል።

ከዚህ የሚመጣው ጉዳት ቀላል አይደለም። ሽማግሌ ተቀብሎ ልጁን ሊድር የተስማማ አባት፥ ኮከባቸው አይገጥምም ስለ ተባለ ብቻ ቃሉን ያጥፋል፤ ሁለት ወጣቶችም ምንም ሳይበዳደሉ ይለያያሉ። በትዳር የቆየችው ሴት ከብት ባለቀ፥ ሕፃን በሞተ ቍጥር ኮከቧ ከባድ ነው ተብላ በገዛ ቤቷ እንደ ባዕድ ትታያለች። የታመመውንም ሰው ፈጥኖ ወደ ጸበልና ወደ ሐኪም ቤት በማድረስ ፈንታ፥ ለኮከቡ የሚስማማ ገብስማ ዶሮ ሲፈለግ ቀኑ ይመሻል። እንግዲህ ይህ ለሰው ሸክም የሚሆን ነገር እውነተኛ መሆኑና አለመሆኑ ሊመረመር ይገባል።

ይህን መጽሔት የምታነቡ ሊቃውንት የፊደልን ነገር ታውቃላችሁ። ሃሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠ፤ አልፋው አና ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ ዛሬ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሲሆን፥ መልካቸውና ተራቸው፥ ቁጥራቸውም ልዩ ልዩ ነው። እንግዲህ ዓለሙ የተባለውን ሰው አንዱ በዐይኑ፥ ሌላው በአልፋው ቢጽፈው ድምሩ ይለወጣል፤ ድምሩ ሲለወጥም ኮከቡ ይለወጣል። የወለደችው እናት አንዲት፥ የፈጠረው አምላክ አንድ ሲሆን፥ የጸሓፊው ብዕር ሁለት ዕድል ሰጠው ማለት ነው። ደግሞም በአንድ አጥቢያ ውስጥ የራሳቸውም የእናቶቻቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ቢገኙ፥ አንዱ ገበሬ ሌላው ነጋዴ፥ አንዱ ቁጡ ሌላው ትዕግሥተኛ ሆነው ሳለ፥ በሒሳቡ ግን አንድ ሰው ናቸው። ሰውን ከሰው መለየት የማይችል ቁጥር ሰውን ለራሱ ሊያሳውቀው እንዴት ይችላል?

የኮከቦቹም ስም ከዐረብኛ የመጣ ነው። ሐመል በግ፥ አሰድ አንበሳ፥ አቅራብ ጊንጥ፥ ሑት ዓሣ ማለት ነው። ሐሳቡም ከባቢሎንና ከግሪክ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ከውጭ መምጣቱ ብቻውን ነውር አይደለም፤ ከግሪክና ከዐረብኛ የተተረጐሙ ብዙ ቅዱሳት መጻሕፍት አሉንና። ነገር ግን በብራና ላይ በግእዝ ፊደል ስለ ተጻፈና በደብተራ እጅ ስለ ተያዘ ብቻ ከአባቶች የተቀበልነው የሃይማኖት ትምህርት ሆኖ እንዳይታይ፥ የመጣበትን ማወቅ ይገባል።

በባሕር ማዶ ያለው አምሳያው

ይህን የመሰለ ልማድ በአውሮፓም አለ። ታሮት የሚባለው ካርታ በ15ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ኢጣልያ ለጨዋታ ተብሎ የተሠራ፥ በተለመደው አቈጣጠር 78 ሥዕል ያለው ካርታ ነው። በ1781 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ኩር ደ ዤብላን የተባለ ፈረንሳዊ፥ ይህ የጥንት ግብጻውያን የምሥጢር መጽሐፍ ነው ብሎ ጻፈ። የግብጽን ጥንታዊ ጽሕፈት ሻምፖልዮን ማንበቡን ያስታወቀው ግን ከዚያ በኋላ በ1822 ነውና፥ ነገሩ ያለ ማስረጃ የተነገረ ነበር። የሆነ ሆኖ ከዚያ ዘመን ጀምሮ የጨዋታው ካርታ በብዙዎች ዘንድ የጥንቆላ መሣሪያ ሆነ። ዛሬም በእጅ ስልክ አማካይነት ከየትኛውም አገር ሆኖ የሚያየው ብዙ ነው።

በ1909 በሎንዶን የታተመውን ካርታ ያዘጋጀው አርተር ኤድዋርድ ዌይት፥ ጠያቂው አስቀድሞ ራሱን የሚወክል አንድ ሥዕል እንዲመረጥለት ያዛል። ምርጫውም በዕድሜና በመልክ ነው። 40 ዓመት ለሞላው ወንድ ፈረሰኛ፥ ከዚያ በታች ላለው ንጉሥ፤ ከ40 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት ንግሥት፥ ከዚያ በታች ላለችው የብላቴና ሥዕል ይመረጣል። ጠጕራቸው ወርቃማ የሆነው ከበትር ወገን፥ ሌሎቹም እንደየመልካቸው ከጽዋና ከሰይፍ ወገን ይመደባሉ፤ ጠጕሩና ዐይኑ የጠቈረ፥ ቆዳውም ጠይም የሆነ ሰው ግን ከገንዘብ ወገን ነው። በዚህ ደንብ ከነፋስ መውጫ እስከ ወገዳ፥ ከአርብ ገበያ እስከ መካነ ኢየሱስ ያለው ሕዝብ ሁሉ በአንድ ወገን ብቻ፥ ያውም በገንዘብ ሥዕል ሊወከል ነው። ካህኑም ነጋዴውም፥ ለጋሱም ንፉጉም አንድ ምልክት ያገኛሉ።

ከዚህ በኋላ የሚደረገውን ልብ እንበል። የተመረጠው ሥዕል በገበታ ላይ ይቀመጣል፤ አንድ ካርታ ይደረብበታል፤ ሁለተኛው ካርታ ደግሞ በላዩ ተሻግሮ በመስቀል አምሳል ይጋደማል። ይህ የተጋደመው ካርታ የሰውየው ዕንቅፋት ምልክት ነው ይባላል። እኛ ግን በጥምቀት ቀን በግንባራችን የታተመው መስቀል ኃይላችንና መዳኛችን እንደ ሆነ ተምረናል። የካርታው ገበታና የጥምቀቱ ገንዳ ስለ አንድ ሰው የሚናገሩት እንደዚህ የተራራቀ ነው።

ጥፋቱ ምንድር ነው?

በኦሪት ዘዳግም በ18ኛው ምዕራፍ ምዋርትን፥ አስማትንና ሙታን መጠየቅን እግዚአብሔር ለሕዝቡ ከልክሏል። ኢሳይያስም በ47ኛው ምዕራፍ ከዋክብትን የሚመለከቱ ሰዎች ባቢሎንን ሊያድኗት እንዳልቻሉ ይናገራል። በሲኖዶስ መጽሐፋችንም ጠንቋይና ኮከብ ቆጣሪ ሥራውን ካልተወ በቀር ለጥምቀት እንዳይቀበሉት ታዝዟል። ይህ ክልከላ እግዚአብሔር ለሰው ዕውቀትን ስለ ነፈገ የመጣ አይደለም፤ ሰው የሰውነቱን ክብር እንዳያጣ ነው።

ታላቁ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት ባስተማረው በ6ኛው ስብከቱ እንዳስረዳው፥ የሰው ምግባር ከኮከብ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ሕግም ዳኛም በከንቱ ነበሩ፤ ሌባው አይወቀስም፥ ደጉም አይመሰገንም፤ ገበሬውም ዘር ሳይዘራ ጎተራው በሞላ ነበር። የእስቴ ገበሬ ኮከቡ ባለጠጋ ነው ቢባል በሰኔ በሬውን ሳይጠምድ ይቀመጣልን? አይቀመጥም። በእርሻው ያላመነውን ነገር ስለ ምን በልጁ ትዳር ያምነዋል?

ከሁሉ የከፋው ግን በንስሓ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ኮከብህ አሰድ ነው፥ ቍጣም ጠባይህ ነው የተባለ ሰው ሚስቱን በመታ ጊዜ፥ በደልሁ ማለቱን ትቶ ኮከቤ ነው ይላል። ኀጢአቱን ለኮከብ ያስረከበ ሰው ስርየቱን ከማን ሊቀበል ነው? የማይለወጥ ጠባይ አለህ የሚለው ትምህርት በለዘብታ ቃል ቢነገርም፥ ከነነዌ ሰዎች ንስሓ፥ ከቀራጩ ከማቴዎስ መጠራት፥ በቀኝ ከተሰቀለው ወንበዴ መዳን ጋር የሚዋጋ ነው።

የሳኦልንም ነገር እናስብ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ28ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ሳኦል ራሱ መናፍስት ጠሪዎችን ከአገር ያስወጣ ንጉሥ ሳለ፥ ፍርሃት በያዘው ጊዜ ልብሱን ለውጦ በሌሊት ወደ ዓይንዶር ሄደ። የተቀባ ንጉሥ መሆኑን ሰውሮ ነገ ምን እንደሚሆን ጠየቀ። ኮከብ ለማስቆጠር የሚሄድ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው፤ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ሲሄድ አስቀድሞ ማን እንደ ሆነ ይረሳል።

ለሚነሡ ጥያቄዎች መልስ

አንዳንድ ሰዎች ባሕረ ሐሳብስ ቁጥር አይደለምን ይላሉ። በእርግጥ ቁጥር ነው። ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፈን፥ ከቀሪው አንድ አተተን ወንበርን እናገኛለን፤ ከወንበሩም አበቅቴና መጥቅዕ ይወጣሉ፤ ሁለቱም ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። ለምሳሌ በ2017 ዓ.ም. አበቅቴው 1፥ መጥቅዑም 29 ነበረ። ነገር ግን ይህ ሒሳብ ጾመ ነነዌ፥ ዐቢይ ጾምና ትንሣኤ የሚውሉበትን ቀን አሳውቆ ሕዝቡን ሁሉ በአንድ ማዕድ የሚሰበስብ ነው። ያኛው ሒሳብ ሰውን ከሰው ይለያል፥ ሙሽራን ከሙሽሪት ይነጥላል። ባሕረ ሐሳብ ዘመንን ይቆጥራል፤ ዐውደ ነገሥት ግን የሰውን ነፍስ እቆጥራለሁ ይላል። የሁለቱ መግደፍ ቢመሳሰልም ፍሬያቸው አይመሳሰልም።

ሰብአ ሰገልስ በኮከብ አልተመሩምን የሚልም አለ። ተመርተዋል፤ ኮከቡ ግን ስለ ራሳቸው ዕድል አልነገራቸውም፥ ወደ ክርስቶስ አደረሳቸው እንጂ። እርሱን ካገኙ በኋላም በሌላ መንገድ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሐዋርያትስ በማትያስ ላይ ዕጣ አልጣሉምን ለሚለውም መልሱ ግልጽ ነው። እነርሱ አስቀድመው ጸለዩ፤ የጠየቁትም ከሁለቱ ለአገልግሎት የሚላከው ማን እንደ ሆነ ነው እንጂ፥ የማትያስ ሀብት ስንት፥ ዕድሜው ምን ያህል እንደ ሆነ አይደለም።

የማን ነህ?

ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን መጥተው ሲጠመቁ ስም ይሰጣቸዋል። ወንዱ ገብረ ማርያም ወይም ገብረ ሚካኤል፥ ሴቲቱ ወለተ ሥላሴ ወይም ወለተ ጊዮርጊስ ተብለው ይጠራሉ። ይህን ስም ሕፃኑ አልመረጠውም፤ በመልኩም፥ በጠጕሩም፥ በድምሩም አልተሰጠውም። የስሙንም ትርጓሜ እንመልከት። ገብረ ማለት የእገሌ አገልጋይ፥ ወለተ ማለት የእገሌ ልጅ ማለት ነው። እንግዲህ ካርታውና ኮከቡ ሰውን ምን ትመስላለህ ብለው ይጠይቁታል፤ የክርስትና ስም ግን የማን ነህ ብሎ ይጠይቀዋል፥ መልሱንም ራሱ ይሰጠዋል። ምን ትመስላለህ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በየዕድሜውና በየሁኔታው ይለዋወጣል። የማን ነህ ለሚለው ግን በደስታም በኀዘንም፥ በሕይወትም በሞትም መልሱ አንድ ነው። ለዚህም ምስክር በአንገታችን ማዕተብ ታስሯል። ማዕተቡን በአንገቱ እንዳሰረ ሌላ ምልክት ሊለምን የሚሄድ ሰው፥ ርስቱን ይዞ ጭሰኛ ሊሆን እንደሚሄድ ሰው ነው።

ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጥንቆላን አጥብቀው ይቃወሙ ስለ ነበር፥ ሕዝቡ የሥላሴን ስምና ሰይጣንን የመካድ ቃል በግንባሩና በእጁ ላይ እንዲጽፍ አዝዘው ነበር። ሐሳባቸው ክርስቲያን ምልክቱ የማን እንደ ሆነ እንዲያውቅ ነበር። ነገር ግን ቅጣቱ እጅግ የጸና ሆኖ በሐሰት የተከሰሱ ሰዎች እንኳ ጠፍተውበታል፤ ጥንቆላም ከአገር አልጠፋም። ከዚህም የምንማረው በቆዳ ላይ በትእዛዝ የተጻፈ ምልክት በልብ ላይ በትምህርት የተጻፈውን ሊተካ እንደማይችል ነው። ስለዚህ ኮከብ ያስቆጠረችውን እናት መዝለፍና ማሳፈር አይገባም፤ ማስተማር ይገባል እንጂ።

ለካህናት የቀረበ ቃል

እንግዲህ ነገሩ ወደ እኛ ወደ ቤተ ክህነት ሰዎች ይመለሳል። ሰው ወደ ኮከብ ቆጣሪው የሚሄደው ስለ ምንድር ነው? ዕውቀቱን አምኖ ብቻ አይደለም። ኮከብ ቆጣሪው ስሙን ይጠይቀዋል፤ የእናቱን ስም ይጠይቀዋል፤ ጭንቀቱን አስቀምጦ ያደምጠዋል። ስንቶቻችን የንስሓ አባቶች የንስሓ ልጆቻችንን የክርስትና ስም እናውቃለን? ለዝክርና ለተዝካር ብቻ ወደ ቤቱ የሚመጣ፥ ልጁ በታመመበት ሳምንት ግን የማይታይ የንስሓ አባት ካለ፥ ምእመኑን ወደ ጠንቋይ ደጅ የላከው እርሱ ራሱ ነው።

በኦሪት ዘጸአት በ28ኛው ምዕራፍ እንደ ተነገረ፥ አሮን በ12 የከበሩ ድንጋዮች ላይ የተቀረጸውን የ12ቱን ነገድ ስም በደረቱ ተሸክሞ ወደ መቅደስ ይገባ ነበር። የካህን ሥራ ይህ ነው፤ የሰውን ስም በ12 መግደፍ ሳይሆን በልቡ ተሸክሞ በመሠዊያው ፊት ማሰብ ነው። የክርስትና ስም የተሰጠው በጸሎት እንዲጠራ ነው፤ በክታብ ተጽፎ፥ በቆዳ ተሰፍቶ እንዲሸጥ አይደለም። ስሙን በጸሎት የሚጠራለት አባት ያለው ሰው ስሙን የሚቆጥርለት ሰው አይፈልግም።

ሁለተኛም ነገር አለ። ይህን ሥራ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ከእኛው ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ነው። ዜማውን በብዙ ዓመት ድካም ተምሮ ሲጨርስ መተዳደሪያ ያጣ ደብተራ፥ ፊደል በማያውቀው ሕዝብ መካከል በፊደል እንዲነግድ ችግር ይገፋፋዋል። ይህ በደሉን አያስቀርለትም፤ የእኛን ዕዳ ግን ያሳያል። መምህሩን የማይመግብ ደብር ኮከብ ቆጣሪን ያሳድጋል። ስለዚህ ምእመናን ለጠንቋይ የሚያወጡትን ገንዘብና ዶሮ ለድጓው መምህርና ለቈሎ ተማሪው ቢያደርጉት፥ ሁለት ነፍስ በአንድ ጊዜ ያድናሉ።

በሐዋርያት ሥራ በ19ኛው ምዕራፍ በኤፌሶን አስማት ያደርጉ የነበሩ ሰዎች መጽሐፎቻቸውን በገዛ ፈቃዳቸው አምጥተው በሕዝብ ፊት አቃጠሉ፤ ዋጋውም ቢታሰብ 50 ሺሕ ብር ሆኖ ተገኘ። ያስገደዳቸው አልነበረም፤ የጌታን ስም ኃይል ስላዩ ነው። በአገራችንም ያለ ወንድማችን በዚህ ሥራ የሚኖር ቢኖር፥ የተማረው ዜማና ፊደል ከዚህ የተሻለ ጌታ አለውና ይመለስ። የሚመለሰውንም ደብሩ በክፍት እጅ ይቀበለው።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ነገ የተሰወረ መሆኑ ያስፈራናል፤ ፍርሃቱም ኀጢአት አይደለም። ነገር ግን ነገን የሚያውቀው አምላክ እኛን በስማችን ያውቀናል። በዮሐንስ ራእይ በ2ኛው ምዕራፍ ድል ለሚነሣው ነጭ ድንጋይና በላዩ የተጻፈ አዲስ ስም እንደሚሰጠው ተስፋ ተነግሯል፤ ያንም ስም ከተቀባዩ በቀር የሚያውቀው የለም። ማንም ቆጣሪ ደምሮ የማይደርስበት፥ ማንም ሠዓሊ በካርታ የማይሥለው እውነተኛ ማንነታችን በእርሱ ዘንድ ተጠብቆልናል። እስከዚያው ድረስ በጥምቀት የተቀበልነውን ስም ይዘን፥ ማዕተባችንን አክብረን፥ ልጆቻችንን በኮከብ ሳይሆን በጸሎትና በምክር እየዳርን እንድንኖር የአምላካችን ቸርነት፥ የእመቤታችን አማላጅነት፥ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።